በፎቶው ላይ ያሉት ሦስቱ ካርቡሬተሮች

የኦፓል ስታምፐር ማእድ ቤት የሎሚና የቤንዚን ሽታ አለው። ሌላ ሴት ሾርባ በምታፈላበት ድስት እሷ ካርቡሬተር ትቀቅልበታለች፤ በሎሚ ጭማቂና በውሃ፣ በለዘብተኛ እሳት፣ የስልሳ ዓመት እድፍ እስኪለቅ ድረስ። በሸለቆው ውስጥ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ሞተሩ ካስነጠሰ ወይም ጥቁር ጭስ ከተፋ፣ ካርቡሬተሩን ፈትቶ በጨርቅ ይጠቀልልና የእሷን በር ያንኳኳል። እኔ ከቤቷ ሁለት ቤት ዝቅ ብዬ ራዲያተር እበይዳለሁ። ሠላሳ ዓመት ተጎራብተናል። ስሜ ቬስተር ነው፤ እሷ ግን ቬስ ትለኛለች፣ ስትናደድ ደግሞ "አንተ ቆርቆሮ።"

ሙያውን ያስተማራት የለም። ባሏ ሃርላን አውሮፕላን ፋብሪካ ሲሠራ ወገቡ ተጎድቶ አንድ ክረምት ሙሉ ተኛ። አልጋው ላይ ሆኖ የጓደኞቹን ካርቡሬተር ሊጠግን ሲታገል አየችውና "ወዲህ በል" ብላ ካቻቪቴውን ቀማችው። በዚያው ቀረች። እጇ ትንሽ ነው፣ ጣቶቿ ግን ያያሉ። አንድ ቀን ዓይኗን ጨፍና ቤንዚን የሚያልፍበትን የጅግለር ቀዳዳ በጥፍሯ ዳበሰችና "ይሄን በመርፌ ያሰፋው ባለጌ ማነው?" አለች። ባለጌው እኔ ነበርኩ።

የማወራው ስለ 1999 ጸደይ ነው። በዚያ ጸደይ የብርቱካኑ አበባ ከወትሮው በዝቶ፣ ሰው ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ያላለቀ ሕልም ውስጥ የገባ ይመስለው ነበር። ሃርላን ደግሞ ከሕልሙ መውጣት ካቆመ ሁለት ዓመት ሆኖታል። መጀመሪያ የቁልፍ ቦታ ጠፋው፣ ቀጥሎ የመንገድ ስም፣ ቀጥሎ የልጁ የዳርሊን ስም። በመጨረሻ ኦፓል ጠፋችው። ክፉ ቃል አይወጣውም፤ እንዲያውም ከድሮው ይልቅ ጨዋ ሆነ። ቁርስ ስታቀርብለት ባርኔጣውን ያነሳና "እግዜር ይስጥልኝ እመቤት፣ ደክመዋል" ይላታል። አርባ ስምንት ዓመት አብራው የኖረችውን ሴት አንቱ ይላት ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አልጠፋውም። በየቀኑ፣ ማክሰኞም ይሁን ሐሙስ፣ መስኮቱ ዘንድ ይቆምና "ቅዳሜ አንዲት ልጅ ሽርሽር ላወጣ ቀጥሬአለሁ። መኪናዬን አይተዋል?" ይላል። ልጅቱ ራሷ ኦፓል ናት፤ ያቺ ቅዳሜም በ1949 ያለፈችው ቅዳሜ ናት። ይዟት የሄደው ኤል ሚራዥ ነበር። እኛ ሁላችን ፍጥነት የምንሞክርበት የደረቀ ሐይቅ ነው።

ዳርሊን የአረጋውያን መኖሪያ አግኝታለታለች። የሚገባው የሰኔ ወር ሲጀምር ነው። ኦፓል አልተከራከረችም፤ በሌሊት ሁለት ጊዜ አውራ ጎዳና ላይ አግኝታዋለች። እኔ ጋራዥ መጥታ ባልዲ ላይ ተቀመጠችና እንዲህ አለችኝ፦

"ቬስ፣ ከመሄዱ በፊት አንድ ጊዜ ስሜን እንዲጠራ ነው የምፈልገው። አንዲት ጊዜ። ከዚያ ይውሰዱት።"

"በምን ታደርጊዋለሽ?"

"ያቺን የድሮ መኪናውን አስነሳታለሁ። ድምጿን ከሰማ ያውቀኛል።"

መኪናዋ የሠላሳ ሁለት ሞዴል፣ ጣራ የሌላት፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር ናት። ዳርሊን ስትወለድ ሞተሯ ተፈታ፣ ሸራ ለበሰች፣ በዚያው አረጀች። የእኛ የአሮጌ መኪና ክለብ ድርጭቶች ይባላል። በስም ድርጭት ነን እንጂ ሁላችንም ጉልበታችን የሚንቋቋ ሽማግሌዎች ነን። ቢሆንም ተነሣን። አንዱ ሲሊንደር አስጠረበ፣ አንዱ ሽቦ ዘረጋ፣ እኔ ራዲያተሯን እንደ ገና ሠራሁ። በመጋቢት መጨረሻ ከካርቡሬተር በቀር የቀረ ነገር አልነበረም።

ጠቡም የመጣው እዚህ ላይ ነው።

ለማያውቅ ሰው ካርቡሬተር ቡጢ የሚያህል ብረት ነው፤ አየርና ቤንዚን የሚያገናኝ ጉሮሮ። ለእኛ ግን ጎኑ ላይ የተቀረጸው ቁጥር የቤተሰብ ስም ነው። ዘጠና ሰባት የሆነው ቀልጣፋ፣ ቁንጥንጥ፣ ጥንትም ዛሬም የሚፎከርበት ነው። ዘጠና አራት የሆነው ታጋሽና ታዛዥ ነው፤ ግን ማንም አይፎክርበትም። በእኛ ሰፈር እንዲህ ባለች መኪና ላይ ዘጠና አራት መጫን በቤት ጫማ ሠርግ መሄድ ማለት ነው። የክለባችን ግድግዳ ላይ ደግሞ የአርባ ዘጠኙ ፎቶ አለ፤ ሃርላን ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ጸጉሩ በዘይት የተለሰነ፣ ኮፈኑ የተነሣ፣ በሞተሩ ላይ በመስመር የተደረደሩ ሦስት ዘጠና ሰባቶች እንደ ብር ሲያብረቀርቁ። አርባ ዓመት ሙሉ ወጣቱን ሁሉ ወደዚያ ፎቶ እየጎተትን "እንዲህ ነው የሚሠራው" ስንል ኖረናል።

ኦፓል ግን ከጎተራው ጥግ አንድ ሳጥን አወጣች። በሃርላን የወታደር ሸሚዝ የተጠቀለሉ ሁለት ዘጠና አራቶች፣ ከሚቀመጡበት ብረት ጋር።

"የሃርላን የድሮ ፒክአፕ ናቸዋ!" አለ ጌይለን። ጌይለን የክለባችን ሊቀ መንበር ነው፤ ሚስቱ ሾርባውን ቀድማ ካልቀመሰችው አያምናትም የሚባልለት ሰው። "ሃርላንና ዘጠና አራት? ሰውየውን በቁሙ ልትቀብሪው ነው እንዴ?"

"ጅግለሮቹን ተመልከት" አለች ኦፓል። "እኩል ናቸው፣ እንደ መንታ። ይሄን ያስተካከለ ሰው ይወዳቸው ነበር። ለፒክአፕ ማን እንዲህ ይደክማል?"

"አንቺ ያን ጊዜ እየተሳፈርሽባት አልነበር? ስንት ነበሩ?"

"ጌይለን፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሞተሩን አልነበረም የማየው።"

ሳቅን። እኔም ጌይለንን ደግፌ "ፎቶው ይዋሻል?" አልኳት። ይቺን ቃል ዛሬ ድረስ ብውጣት ደስ ይለኛል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ከሳምንት በኋላ ሦስት ሆነን በሯን አንኳኳን። ጌይለን ከመኪናው ላይ የፈታውን አንድ ዘጠና ሰባት ይዟል፤ ሌላው ሽማግሌ ከመሳቢያው ያወጣውን፤ እኔ ደግሞ ሃያ ዓመት አልጋዬ ራስጌ ያስቀመጥኩትን፣ ሚስቴ "ከኔ ይልቅ እሱን ነው የምታየው" የምትለኝን። ሦስቱን የሚሸከመውን ብረት ጌይለን ከጣራው ሥር አወረደ። ኦፓል መጥረጊያዋን እንደያዘች አለቀሰች። እንዲህ ያለ ስጦታ ተቀብሎ ማን እምቢ ይላል? ሁለቱ ዘጠና አራቶች ወደ ሳጥናቸው ተመለሱ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እሷ እንኳ ቆጡን ቀና ብላ አላየችም፣ መሰላሉን ያቀረብንላት እኛ ነን።

በሚያዝያ መጨረሻ፣ አንድ ሞቃት ከሰዓት፣ ግቢዋ ውስጥ አስነሣቻት። ሃርላንን ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ ንጹህ ሸሚዝ አልብሳ፣ እሷም በአርባ ዘጠኝ እንዳደረገችው ራሷ ላይ ቀይ ሻሽ አስራ። ሞተሩ በመጀመሪያው ንክኪ ተነሣ። እንደ ልብስ ስፌት መኪና ለስላሳ፣ አንዳች የማይነቅፉት ድምፅ። ጌይለን ባርኔጣውን አወለቀ። እኔም ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ሃርላን ቀስ ብሎ ተነሣ። መኪናዋን ዞራት። እጁን ኋላው አጣምሮ ጎንበስ ብሎ አየ። 

"በጣም ታምራለች" አለ። "የማን ናት?"

ኦፓል ሻሿን አስተካከለች። "ያንተ ናት፣ ሃርላን።"

"ይቀልዳሉ እመቤት። የኔ እንዲህ አትዘምርም።" ከዚያ ወደ መንገዱ ተመለከተ። "ይቅርታ፣ እኔ ሰው እጠብቃለሁ።"

ሞተሩን አጠፋች።   ሻሿን ፈታ አጥፋ ኪሷ ከተተችና "ብስኩት ጋግሬአለሁ፣ ግቡ" አለችን። ገባን፣ በላን።

ከዚያ በኋላ ሥራ አቆመች። ካርቡሬተር ይዞ የመጣውን ሁሉ "በሰኔ ተመለስ" ትላለች። ጠዋት ጠዋት ብቅ እያልኩ አያት ነበር። አንድ ቀን እንደ ልማዴ ማእድ ቤት ስገባ ሃርላን ገበታው ላይ ተቀምጧል። ፊቱ ሁለት ኩባያ ትኩስ ወተት አለ፣ የሱና የሷ። ሁለት መዳፉን በሁለቱ ኩባያዎች አፍ ላይ ከድኗል። ጆሮውን ዘንበል አድርጎ የሆነ ነገር ያዳምጣል። ድንገት ሁለቱንም መዳፎች በአንድ ጊዜ አነሣ። እንደ ገና ከደነ።

"ይሄን ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው?" አልኳት።

"ክረምቱን ሙሉ። እጁ እየበረደው ይመስለኛል።"

"ኦፓል፣ እስቲ ደኅና አድርገሽ እዪው።"

እኛ የካርቡሬተሩን አየር መግቢያ የሚዘጋውን የቾክ ክዳን አንወድም። አየር እንዳይከለክል ብለን ከልጅነታችን ነቅለን እንጥለዋለን። ስለዚህ በብርድ ጠዋት ሞተር ስናስነሣ የካርቡሬተሩን ጉሮሮ በመዳፋችን እንከድናለን፤ ሌላው ማስነሻውን ይነካል፤ ሞተሩ ሲይዝ መዳፋችንን እናነሣለን። ማንኛችንም በእንቅልፍ ልባችን እናደርገዋለን። ኦፓልም ገባት፤ ሁለት መዳፍ፣ ሁለት ጉሮሮ። ፊቷ ቀስ በቀስ ሲለወጥ አየሁት። ከመደርደሪያው ሦስተኛ ኩባያ አነሣች፣ ወተት ሞላችበት፣ በሁለቱ መካከል አስቀመጠችው።

ሃርላን ኩባያውን አየው። በአንድ ጣቱ ወደ ገበታው ጠርዝ ገፋው።

"ይሄ የዌንዴል ነው" አለ። "ሦስቱንም እመልስለታለሁ ብዬዋለሁ።"

ኦፓል ማጉሊያ መነጽሯን ከመሳቢያ አወጣች። "ቬስ፣ የክለቡ ቁልፍ አንተ ዘንድ ነው። ተነሥ።"

ፎቶውን ከግድግዳው አውርደን ብርሃን ላይ አስቀመጥነው። እሷ መነጽሩን አስጠግታ ብዙ ቆየች። ከዚያ ለእኔ ሰጠችኝ። ሦስቱ ዘጠና ሰባቶች ያበራሉ። ወደ አንዳቸውም ግን ቤንዚን የሚወስድ ቱቦ የለም። አንድም። ደረቅ ሞተር ላይ የተቀመጡ ጌጦች ናቸው። አርባ ዓመት ያንን ፎቶ ያላየ ድርጭት የለም፤ ሁላችንም ያየነው ግን ቁጥሩን ነበር።

ነገሩ እንግዳ አይደለም። በዚያ ዘመን ልጆቹ ፎቶ ሲነሡ ለሠርግ ኮት እንደሚዋሱት ካርቡሬተር ይዋዋሱ ነበር፤ ተነሥተው ሲያበቁ ይመልሳሉ። ዌንዴል የሚባለውን ሰው እኔ አላውቀውም፤ ክለቡ ውስጥ የገባሁት በሃምሳ አምስት ነው፣ እሱ ከዚያ በፊት ወደ ሰሜን ሄዷል። ሃርላን ፎቶው ግድግዳው ላይ ሲሰቀል አፉን ያዘ፤ ከዚያ ወዲያማ ለመናገር እየከበደ፣ እየከበደ ሄደ።

ኦፓል መጀመሪያ ሳቀች። ሆዷን እስክትይዝ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች።

"ይሄን ፎቶ ነው መጀመሪያ ያሳየኝ" አለች። "አንድ ሀምበርገር ቤት በር ላይ፣ ከሸሚዙ ኪስ አውጥቶ። 'ሦስት ነው' አለኝ። ሦስት ምን እንደሆነ እንኳ አላወቅኩም። አኳኋኑ ግን ደስ አለኝ።"

በማግስቱ የሰጠናትን ዘጠና ሰባቶች ወልውላ ለየባለቤቱ መለሰች። ሁለቱን ዘጠና አራቶች ከሳጥኑ አወጣች። ሎሚ አልጨመቀችም፣ ድስት አልጣደችም። ቤንዚን እንዳያፈስ የሚያሽገውን ጓርኒሲዮን ብቻ ቀየረች፣ አቧራውን በጨርቅ ጠረገች፤ ጅግለሮቹን አልነካችም። "እጁ እዚህ ውስጥ አለ" አለችኝ። "አጥቤ አላስወጣውም።"

በግንቦት አጋማሽ ኤል ሚራዥ ሄድን። መኪናዋን ተጎታች ላይ ጭነን፣ ሃርላንን እኔ ፒክአፕ ውስጥ አስቀምጠን፣ ጎህ ሲቀድ ከሸለቆው ወጣን። ስንደርስ ፀሐይዋ ገና ብቅ ብላለች፣ ብርዱም ጆሮ ይቆርጣል። ሐይቁ እንደ ገበታ ለጥ ያለ፣ የተሰነጣጠቀ፣ ድምፅ የሌለው ነው። ፀሐይ ከፍ ስትል ዳር ዳሩ ላይ ያ የሌለ ውሃ ይመጣል፤ ተራሮቹ ከሥራቸው ይቆረጡና በውሃው ላይ ይንሳፈፋሉ። ከአርባ ዓመት በላይ አይቼዋለሁ፣ አሁንም ጫማዬን ላውልቅ ያሰኘኛል።

ኦፓል መሪው ዘንድ ተቀመጠች። ማስነሻውን ነካች። ሞተሩ ሳለ፣ ተንፈራገጠ፣ ሞተ። እንደ ገና ነካችው። ሳለ፣ ሞተ።

"እኔ ምን ብዬ ነበር!" አለ ጌይለን። "ዘጠና አራት ማለት ይሄ ነው፤ ሰነፍ በቅሎ!"

ከኋላችን የፒክአፑ በር ሲዘጋ ሰማን። ሃርላን ወርዶ እየመጣ ነበር፤ ባርኔጣው ወደ ኋላ ተገፍቶ፣ እርምጃው ፈጥኖ፣ ወገቡ እንዳልታመመ ሰው።

"ዞር በል አንተ ልጅ" አለና ሰባ አንድ ዓመት የሞላውን ጌይለንን በክርኑ ገፋው። ሁለት መዳፉን በሁለቱ ጉሮሮዎች ላይ ከደነ። ጆሮውን ዘንበል አደረገ። "አሁን ይንኩት።"

ኦፓል ነካችው። ሞተሩ አንዴ ዋጠ፣ ከዚያ በሻካራ፣ በወፍራም፣ ትንሽ በሚያነክስ ድምፅ ተነሣ። የተጣራ ድምፅ አልነበረም። ሃርላን መዳፎቹን አነሣ፣ ቤንዚን ይንጠባጠብባቸዋል፤ ሱሪው ላይ ጠረጋቸው። ሕፃን ልጅ እንደሚስቅ ሳቀ። ከዚያ ወደ ኦፓል ጎንበስ ብሎ፣ እኛን በዓይኑ እያሳያት፣ "ለልጆቹ እንዳይነግሩብኝ" አላት። ዞሮ ሄዶ በቀኝ በኩል ተቀመጠ።

ሄዱ። መኪና ውስጥ የተባባሉትን እኔ አልሰማሁም። የነገረችኝ በኋላ ነው፤ ዳርሊን እሱን ይዛው በሄደችበት ዕለት፣ እኔ ጋራዥ፣ ያው ባልዲ ላይ ተቀምጣ።

መጀመሪያ ዝም ብለው ነዱ። ነፋሱ ፊታቸውን ይመታል፣ ሃርላን ዓይኑን ጨፍኗል። ከዚያ "ቅዳሜ የማወጣት ልጅ አለች" አላት።

"ማን ትባላለች?"

"ኦፓል።"

መሪው ከእጄ ሊያመልጥ ነበር አለችኝ።

"ዋሸኋት" አለ ሃርላን። "ሦስት ነው አልኳት። ሁለት ነው፤ ያውም ዘጠና አራት። አንድ ቀን ኮፈኑን ከፍታ ታየዋለች።"

"ብታየውስ?"

"አትመጣማ። እንዲህ ያለች ልጅ ምን አጥታ ከውሸታም ጋር ትሄዳለች?"

"ትመጣለች" አለችው።

"በምን ያውቃሉ?"

"አውቃታለሁ። አይታውም ትመጣለች። እንዲያውም እየሳቀች ነው የምትመጣው።"

ሃርላን ፊቷን ለረጅም ጊዜ አየው። አላወቃትም። እኔ ስለ እሷ ብዬ አወቀኝ እንድትለኝ ፈልጌ ነበር፤ እሷ ግን "አላወቀኝም ቬስ" አለችኝ፣ ሳይከፋት። ብቻ ትከሻው ላላ፣ አንድ ከባድ ነገር መሬት ያስቀመጠ ይመስል፣ እጁንም አንሥቶ ጠቆማት።

"እንግዲያው በዚህ አይሂዱ፣ እመቤት። ቤቷ በግራ በኩል ነው።"

በግራ በኩል ቤት የለም። ደረቅ ጭቃና ያ የሌለ ውሃ ብቻ ነው። እኛ ከዳር ቆመን መኪናዋ ከመስመሩ ወጥታ ወደ ውሃው ስትታጠፍ አየን። ጎማዎቿ ጠፉ፣ ቀጥሎ ጎኗ፤ ሁለት ራሶች ብቻ በብርሃኑ ላይ ተንሳፍፈው ቀሩ።

"ወዴት ነው የምትሄደው?" አለ ጌይለን። "መንገዱ በዚህ ነው እኮ! ጥሯት እንጂ!"

"ተዋት" አልኩት። "የምትሄድበትን ታውቃለች።"